ሁሉም ልጅ የሚበላው አይስክሬም

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው የልጅነቱ መክሰስ ምን እንደነበር ቢጠየቅ በአንድ ስም አይመልስም፤ ወቅት እየቆጠረ ይዘረዝራል። በነሐሴና በመስከረም ማሳ ዳር በተቀጣጠለ እሳት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ ጥቅምት ሲገባ የባቄላ እሸት፣ ከዚያም የሽምብራ እሸት፣ በበጋ ደግሞ ከወንዝ ዳር የሚቆረጥ ሸንኮራ ይጠራል። ከዱር ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ እንኮይና አጋም አሉ። ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይታጡት ቆሎ፣ ንፍሮ፣ አሹቅና በሶ ናቸው። በደጋማዎቹ ቀበሌዎች ያደገ ከሆነ ደግሞ ግብጦን ሳይጠራ አያልፍም። ግብጦ መራራ በመሆኑ ተቆልቶ፣ በወራጅ ውሃ ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ከለቀቀ በኋላ ነው የሚበላው። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ግብጦ አይቀምስም።

እነዚህ መክሰሶች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ይኸውም ልጅን ከልጅ የማይለዩ መሆናቸው ነው። እንደሚታወቀው በአገራችን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ገበታ በእርድ ምክንያት ይለያያል። በዒድም ይሁን በፋሲካ፣ በሠርግም ይሁን በተዝካር፣ ለሌላው ወገን እንግዳ የሚታረደው ለብቻ ነው፤ ድስቱም ለብቻ ነው። ይህ ለዘመናት የኖረና ሁለቱም ወገኖች ተከባብረው የያዙት ልማድ ነው። ቆሎ ግን እርድ የለውም። እሸትም ሸንኮራም እንዲሁ። በመሆኑም ከብት ሲጠብቁ የዋሉ ልጆች አንዱ ከኪሱ ቆሎ፣ ሌላው ከአገልግሉ በሶ ሲያወጣ «ይህ የማነው?» ብለው አይጠያየቁም ነበር። በጎጃም ከተሞችና ገጠሮች በቁጥር አነስ ብሎ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር አጥር ለአጥር ለሚኖረው ሙስሊም ቤተሰብ፣ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያለ ጭንቀት የሚቋደሱት ምግብ ይኸው ነበር።

ዛሬ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከተማ የሚያድገው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚያገኘው መክሰስ ሌላ ነው። ከሱቅ የተገዛ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ በላስቲክ የታሰረ ባለቀለም በረዶ። በቀለም የደመቀው በረዶ ከምን ውሃ እንደተሠራ የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ የሱቅ መክሰስ ለአንድ ልጅ ተብሎ የታሸገ ነው፤ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ቆሞ ያያል። ከጉያ እየተዘገነ ለሦስትና ለአራት የሚካፈለው ቆሎ የነበረው ጠባይ በዚህ ውስጥ የለም።

ልጆቻችን አይስክሬም የመውደዳቸው ነገር የሚካድ አይደለም፤ «ተዉት» ብንላቸውም አይተዉትም። ይሁን እንጂ አይስክሬሙን ከራሳችን በሶ፣ ከራሳችን እሸት፣ ከራሳችን ሱፍና ማር፣ በራሳችን ማዕድ ቤት ልንሠራው እንችላለን። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እንኳ በበረዶና በጨው ሊሠራው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጥንቃቄ ከተሠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የጾመውም ያልጾመውም ልጅ ከአንድ ሳህን ሊበላው የሚችል ይሆናል።

አይስክሬም የማን ነው?

ብዙዎቻችን አይስክሬምን ከፈረንጅ የመጣ ምግብ አድርገን እንመለከተዋለን። «ጄላቲ» የሚለው በከተሞቻችን የተለመደው ስም የጣሊያንኛ ቃል መሆኑም ይህንን አስተሳሰብ አጠናክሮታል። የነገሩ ታሪክ ግን ከዚህ የሰፋ ነው።

ውሃን በጨው ኃይል ማቀዝቀዝ እንደሚቻል በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ደማስቆ የተወለደው ሐኪምና የታሪክ ጸሐፊ ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 የሞተው ይህ ሊቅ ስለ ሐኪሞች ሕይወት በጻፈው «ዑዩኑል አንባእ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግለውን የጨው ዓይነት ተጠቅሞ ውሃን ማቀዝቀዝ እንደሚቻል ከእርሱ በፊት ከነበረ ኢብን በኽተወይህ ከተባለ ሐኪም ጠቅሶ ገልጿል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሕንድ የሙጋሉ ንጉሥ አክበር ቤተ መንግሥት የመጠጥ ውሃ በዚሁ ዓይነት ጨው ይቀዘቅዝ እንደነበር ተመዝግቧል። ከዚያው አገር የመጣው «ኩልፊ» የሚባለው አይስክሬም እስከ ዛሬ ድረስ የሕንድና የፓኪስታን ቤተሰቦች የበዓል ጣፋጭ ነው። በደማስቆ አሮጌ ገበያ በሱቀል ሐሚዲያ የሚገኘው «በክዳሽ» የተሰኘ ቤት ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ በእንጨት ዘነዘና እየተወቀጠ የሚለጠጥ አይስክሬም ሲሸጥ ኖሯል። በእጅ የሚዘወረውን የአይስክሬም መሥሪያ በአሜሪካ ናንሲ ጆንሰን የተባለች ሴት በስሟ ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው።

ለእኛ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ኩልፊ ነው። ምክንያቱም የሚዘወር መሣሪያም ሆነ የፋብሪካ ክሬም አያስፈልገውም። ወተቱ በዝግታ እየተማሰለ እስኪወፍር ከተቀቀለ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ በቃ። ወተት በእንጨት ማንኪያ ማማሰል ለጎጃም እናት አዲስ ሙያ አይደለም።

የምዕራብ ጎጃም ማዕድ ቤት ያለው ሀብት

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የሚጓዝ ሰው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ድረስ ግራና ቀኙን የበቆሎ ማሳ ይዞት ይሄዳል። ባኮ ተመራምረው ያወጡት «ቢኤች 660» የተባለው ዝርያ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ይህ ነው። ጃቢ ጠህናንና አካባቢው በመስኖ ፍራፍሬም ያመርታል፤ ማንጎና ሙዝ ከመንገድ ዳር ይገኛል። ገብሱ ከደጋው ይወርዳል፤ ማሩና ወተቱ ከገጠሩ ይመጣል። በቡሬ የግብርና ምርት የሚቀነባበርበት ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መመረቁም የአካባቢው ምርት ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ያም ሆኖ የዚህ ሁሉ ምርት ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ልጅ የሚበላው ጣፋጭ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው፣ ከመሀል አገር የሚመጣ ዕቃ የጠፋባቸውና የተወደደባቸው ጊዜያት እንደነበሩ የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል። በደጅ ያለውን ማወቅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይጠቅማል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። በሑዳዴ ጾም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ወተት አይቀምሱም። ላሞቹ ግን ጾም አያውቁምና መታለባቸው አይቀርም። በዚህ ወቅት ወተት ገዢ ያጣል፤ አብዛኛው ተጠራቅሞ ወደ ቅቤ ይሄዳል። ወተት የሚገዛ ሙስሊም ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ቢገዛ ለራሱም ይቀለዋል፣ ለጎረቤቱም ገበያ ይሆንለታል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ረመዷንና ሑዳዴ ተገጣጥመዋል። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም የጀመሩት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሑዳዴ የካቲት 17፣ ረመዷን የካቲት 22 ገብተዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት በአንዱ ቤት የኢፍጣር ማዕድ ላይ ወተት ሲቀርብ በሌላው ቤት ወተት አይነካም። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምናቀርባቸው ሦስት ዓይነቶች አንዱ ያለ ወተት የሚሠራ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ማወቅ የሚገባን

አይስክሬም ከተራ በረዶ የሚለየው በልስላሴው ነው። ውሃ ዝም ብሎ ሲረጋ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራል፤ እነዚህ ናቸው ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሹት። ቅንጣቶቹ እንዲያንሱ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ውሃውን መቀነስ ነው። ወተት ሲቀቀል ውሃው ይተንናል፤ ስቡና ስኳሩ ይቀራል። ሁለተኛው ውሃውን የሚይዝ ነገር መጨመር ነው። የበሶ ዱቄት፣ የእሸት በቆሎ አሚዶ፣ የበሰለ ሙዝ ይህንን ሥራ ይሠራሉ። ፋብሪካዎች ለዚሁ ሲሉ ልዩ ልዩ ማወፈሪያ ይጨምራሉ፤ የእኛ የልጅነት መክሰሶች ግን ማወፈሪያቸው ከራሳቸው ጋር ነው። ሦስተኛው እየረጋ ሳለ ማማሰል ነው።

ስኳርም የራሱ ሥራ አለው። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከተራ ውሃ ይልቅ ዘግይቶ ይረጋል። ስኳሩ ካነሰ አይስክሬሙ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከበዛ ደግሞ ጨርሶ አይረጋም። ስለዚህ «ለልጆቹ ጤና» ብሎ ስኳሩን ጨርሶ ከማስቀረት የሚሰጠውን መጠን ማሳነስ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ የአካባቢያችን ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ባላት ፍኖተ ሰላም ግን የሚፈላው በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍ ባለችው ቡሬ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ የወተት ጀርሞችን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። በደጋው ላይ ጥራጥሬ ለማብሰል ግን ጊዜ የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ሱፉንም በቆሎውንም ሳንቸኩል መቀቀል አለብን።

አንደኛ፦ የበሶ አይስክሬም

የሚያስፈልገው፦ 2 ሊትር ወተት፣ 150 ግራም ስኳር (12 የሾርባ ማንኪያ ያህል)፣ 4 የሾርባ ማንኪያ በወንፊት የተነፋ በሶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ቁንጥር ጨው።

ወተቱ ሰፊ አፍ ባለው ድስት ይጣዳል። ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነስና እየተማሰለ ግማሽ እስኪሆን፣ ማለትም 1 ሊትር እስኪቀር ድረስ ይቀቀላል። ይህ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ላዩ ላይ የሚሠራው ስልባቦት አይጣልም፤ እየተገፋ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። በመቀጠል በሶው በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት እንዳይጓጉል ተበጥብጦ፣ ከስኳሩና ከጨው ጋር ይጨመርና ለ3 ደቂቃ ይንተከተካል። በሶ አስቀድሞ የተቆላ ገብስ በመሆኑ ብዙ ማብሰል አያስፈልገውም። ከእሳት ሲወርድ ኮረሪማው ይጨመራል።

ድስቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ከዚያም ክዳን ባለው ዕቃ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት በየ40 ደቂቃው እየወጣ በሹካ ከዳር ወደ መሀል ይማሰላል። ከዚያ ሳይነካ ያድራል። ሲቀርብ የቁልል ገብስ መዓዛ ያለው፣ ቀለሙ ወደ ቡና የሚያደላ አይስክሬም ይሆናል። በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ትምህርት ቤት የሄደ አባት የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲቀምስ ምን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

ሁለተኛ፦ የበቆሎ እሸት አይስክሬም

የሚያስፈልገው፦ 3 የበቆሎ እሸት፣ 1 ሊትር ወተት፣ 120 ግራም ስኳር (10 የሾርባ ማንኪያ ያህል)፣ ቁንጥር ጨው።

ከሦስቱ እሸቶች አንዱ በከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ሁለቱ ይቀቀላሉ። የተጠበሰው መዓዛውን፣ የተቀቀሉት ውፍረቱን ይሰጣሉ። ፍሬው በቢላ ይላጥና ጭማቂ መሥሪያ ባለበት ቤት ከግማሹ ወተት ጋር ይፈጫል። ጭማቂ መሥሪያ በሌለበት በድንጋይ ወፍጮ ወይም በሙቀጫ መላም ይቻላል። ከዚያ በወንፊት ይጠለልና ገለባው ይወጣል። የቀረው ወተት ተጨምሮ፣ ስኳርና ጨው ገብቶበት፣ ድስቱ ሥር እንዳይይዝ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ለ15 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይበስላል። እንደ ቀጭን ሙቅ ሲሆን ይወርዳል። አቀዛቀዙ እንደ በሶው ነው።

እሸቱ ለጋ መሆን አለበት። በጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚረጭ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው፤ ከጠነከረ ዱቄት ዱቄት ይላል። በቆሎ በመስኖ በሚመረትባቸው ቀበሌዎች ከመስከረም ውጭም እሸት ስለሚገኝ ይህ አይስክሬም በሙቀቱ ወቅትም ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ያለ ወተት፣ የሱፍና የማር አይስክሬም

የሚያስፈልገው፦ 2 ብርጭቆ ሱፍ፣ 3 ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 4 በደንብ የበሰሉ ሙዞች፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው።

በጾም ወቅት የሱፍ ፍትፍት የሚሠራ ሰው የዚህን ግማሽ ያውቀዋል። ሱፉ ይለቀምና ይታጠባል፤ ከዚያ ይቀቀላል። ውሃው ተጠንፍፎ ሱፉ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። በተዘጋጀው ውሃ እየታሸ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ወተት ይመስላል። በላዩ ላይ ተልጦ የላመ ሙዝ፣ ማሩና ጨው ተጨምረው በደንብ ይመታሉ። የሱፍ ፈሳሽ ስቡ ከወተት ስለሚለይ ለብቻው ቢረጋ ይጠጥራል፤ ልስላሴውን የሚሰጠው ሙዙ ነው። ስለዚህ ልጣጩ ነጠብጣብ እስኪያወጣ የበሰለ ሙዝ ይመረጣል። ግማሽ ለግማሽ ሲረጋ አውጥቶ አንድ ጊዜ በኃይል መምታት ይበቃል። ሱፍ ከታጣ በኦቾሎኒ መሥራት ይቻላል፤ የሻገተ ወይም የጠቆረ ፍሬ ግን ተለቅሞ መጣል አለበት።

ለጾመኛ ጎረቤት ከሆነ የተዘጋጀው፣ ድስቱ፣ ማንኪያውና ማስቀመጫው ወተት ያልነካቸው ወይም በሚገባ የታጠቡ መሆን ይኖርባቸዋል። ለእነርሱ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ሰው ቤት ስንጋበዝ ስለ ድስቱ የምንጨነቀውን ያህል እነርሱም ይጨነቃሉ።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤት ወይም ለስላሳ መጠጥ ከሚሸጥ ሱቅ በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አስረግቶ በረዶ ማግኘት ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ፣ በባልዲው ውስጥ የሚገባ ክዳን ያለው የብረት ጣሳ እና ጨው ነው።

በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይከሰከሳል። ለ3 ኪሎ በረዶ 1 ኪሎ ጨው ይበቃል። ደቃቅ ጨው ከጠፋ የተወቀጠ አሞሌም ይሠራል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ እስከ ጎጃም ገበያዎች ድረስ ሲያመላልሱት ከኖሩት ነጋዴዎች መካከል ሙስሊሞች ብዙዎች ነበሩ።

ቀዝቅዞ የተዘጋጀው ድብልቅ በጣሳው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላና ይከደናል። ጣሳው ባልዲው መሀል ተቀምጦ ዙሪያውን በረዶና ጨው በተራ በተራ ይደረድሩበታል። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፤ በረዶው ደግሞ ለመቅለጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከጣሳው ይስባል። በዚህ ምክንያት ዙሪያው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጣሳውን በእጀታው ወይም በጨርቅ ይዞ ግራና ቀኝ ማዟዟር፣ በየ5 ደቂቃው ከፍቶ ከዳር የረጋውን በእንጨት ማንኪያ መፋቅ ነው። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል። ልጆቹ ተራ በተራ ቢያዟዙሩት ሥራውም ይቀላል፣ ጥበቃውም አይከብዳቸውም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ፤ ጨዋማው ውሃ በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ እንዲሁም የልጆች ባዶ እጅ ጨው የነካውን በረዶ እንዳይዝ። ጨው የነካ በረዶ ከተራ በረዶ ይልቅ ቀዝቃዛ በመሆኑ ቆዳ ይጎዳል።

ጥንቃቄ

ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ስለዚህ ከላም እንደታለበ ያለ ጥሬ ወተት ለአይስክሬም ማዋል ፈጽሞ አይገባም። ባልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችን ማስገባት ይቻላል። ጥሬ እንቁላል የሚጨመርባቸው የውጭ አሠራሮች አሉ፤ እኛ ያቀረብናቸው ግን እንቁላል አያስፈልጋቸውም።

መብራት ጠፍቶ አይስክሬሙ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከሞቀ ተመልሶ መርጋት የለበትም። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ጥቂት ሠርቶ በዚያው ቀን መጨረስ ይመረጣል።

ማር ለሕፃን ጠቃሚ ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። ይሁን እንጂ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት አደጋ አለው። ማር ውስጥ የሚገኝ የጀርም ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ አድጎ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላልና ከማሩ አይስክሬም አይቅመስ። ቆሎና ኦቾሎኒም አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ በጉሮሮ ሊገባ ይችላል፤ ለእነርሱ በደንብ የላመ ብቻ ይሰጥ።

ከሱቅ የሚገዛ አይስክሬምንና ከረሜላን በተመለከተ ሙስሊም ቤተሰብ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ቢኖር ጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማወፈሪያ ሲሆን በዓለም ገበያ ላይ ካለው ትልቅ ድርሻ ያለው ከአሳማ የተገኘው ነው። ከሌላ እንስሳ ቢሆንም አስተራረዱ አይታወቅም። ማሸጊያውን ማንበብ ግድ ይላል። በበሶና በሱፍ በተሠራው ውስጥ ግን ይህ ጥርጣሬ የለም። በጾሙ ጊዜ ለሚጠነቀቀው ክርስቲያንም ቢሆን ጄላቲን የእንስሳ ተዋጽኦ ነውና የሱፉ አይስክሬም ከዚህም ያድነዋል።

አቀራረቡ

አይስክሬሙ ከመቅረቡ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ከማቀዝቀዣ ይወጣል፤ ቶሎ ሲቆረጥ ይሰባበራልና። ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ ወይም የተቆላ ሰሊጥ በላዩ ላይ የሚነሰነሰው በሚበላበት ሰዓት ነው። አስቀድሞ ከውስጥ ከገባ እርጥበት ይስብና መንኮሻኮሹን ያጣል። ለአንድ ልጅ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ አያስፈልገውም፤ ግማሹ ይበቃዋል። ከተበላ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ለጥርስ ጤና ይጠቅማል።

በረመዷን ቀኑን ጾሞ የዋለ ሆድ በቀዝቃዛና በጣፋጭ ነገር እንዳይጀመር፣ ተምርና ውሃ ቀድሞ፣ ሶላት ተሰግዶ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ቢቀርብ ይመረጣል። በዒድ ቀን ደግሞ ለእንግዳ ልጆች የሚሰጠውን ከረሜላ ሊተካ ይችላል።

ወጣቶችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ በሶውን አንዱ፣ ወተቱን ሌላው፣ በረዶውን ሦስተኛው አምጥቶ በጋራ መሥራት ወጪውን ያቀለዋል። በጥሩ ንጽሕና መሥራት የለመደ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ለሰፈሩ ሠርቶ ለመሸጥም አይቸገርም፤ የሚያስፈልገው ፈቃድና የንጽሕና ደንብ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

ጎረቤት በእስልምና ትልቅ ሐቅ ያለው መሆኑን ሁላችንም ሰምተን ያደግነው ነው። ይህ ሐቅ በሃይማኖት አይታጠርም። ልጆቻችን ግን ሐቁን የሚማሩት በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ በእጃቸው ይዘው ከሚሄዱት ሳህን ነው። በቀጣዩ ጊዜ አይስክሬም ሲሠራ፣ ከመቁረሱ በፊት የጎረቤት ልጆች ስንት እንደሆኑ ይቆጠር፤ ጾም ላይ ከሆኑ የሱፉ፣ ካልሆኑ የበሶው ይላክላቸው። ሳህኑን የሚያደርሰው ልጅ ውስጡ ምን እንዳለ በትክክል ተናግሮ ይስጥ፦ «ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፣ ሱፍና ማር ነው» ይበል። ተቀባይዋ እናት ያለ ጥርጣሬ ለልጆቿ እንድታድል የሚያደርጋት ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።